ሙዚቃና ቪዲዮ ወደ ሊኑክስ ቦርድ ልኮ ማጫወት፦ ከኬብሉ እስከ ስክሪኑ

ቪዲዮው ቦርዱ ላይ ደርሷል። ማጫወቻውም ተነሥቷል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ወይም ምስሉ እየተቆራረጠ ድምፁ ጥሎት ይሄዳል። ወይም ምስሉ ፏ ብሎ እየታየ ድምፅ የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን ሌላ ማጫወቻ እንጭናለን። ያም እምቢ ሲል ሌላ። በመጨረሻ ሲስተሙን ደምስሰን ከዜሮ እንጀምራለን። እኔም ብዙ ሌሊት በዚህ መንገድ አልፎብኛል። ቆይቶ የገባኝ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማጫወቻው አለመሆኑ ነው። ፋይሉ ለቦርዱ በልኩ አልተሰፋም። ላፕቶፕ ያገኘውን ፋይል ሁሉ በጉልበቱ ያጫውታል። ትንሽ ቦርድ ያ ጉልበት የለውም፤ የራሱ ልክ አለው። ልኩን አውቀን ከሰፋንለት ግን በጣም ቆንጆ አድርጎ ያጫውታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመላክ አይጀምርም። ልክ ከመለካት ይጀምራል።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። የምናወራው ሊኑክስ ስለሚያስነሱ ቦርዶች ነው፤ እንደ ራስፕቤሪ ፓይ፣ ቢግልቦን ብላክ እና መሰሎቻቸው። ሌላው፣ ትእዛዞቹን በምንጠራቸው ስም ነው የምጽፋቸው። ተርሚናሉ ላይ ስታስገቧቸው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሾቹ ሆሄያት ነው። «ኤስሲፒ» ካልኩ ኤስ፣ ሲ፣ ፒ ብላችሁ ትጽፋላችሁ ማለት ነው። ትልቅ ሆሄ የሚያስፈልግበት ቦታ ሲመጣ እናገራለሁ።

ቦርዱ ምን መፍታት ይችላል?

ቪዲዮ ታምቆ ነው የሚቀመጠው። ምን ያህል እንደታመቀ ለመገመት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ምስል ተፈትቶ ሜሞሪ ላይ ሲቀመጥ 3.1 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይይዛል። በሰከንድ 30 ምስል ካለ ወደ 93 ሜጋባይት ይደርሳል፤ በየሰከንዱ። ፋይሉ ላይ ያለው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ያንን የታመቀ ነገር በየሰከንዱ ፈትቶ ወደ 93 ሜጋባይት መመለስ ከባድ ሥራ ነው።

ይህን ሥራ ከሁለት አንዱ ይሠራዋል። ወይ ዋናው ፕሮሰሰር በሶፍትዌር፣ ወይ ቺፑ ውስጥ ለዚሁ ብቻ የተሠራ የቪዲዮ መፍቻ ሃርድዌር። ሃርድዌሩ ካለና ከተጠቀማችሁበት ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከሌለ ሸክሙ ሁሉ በእሱ ላይ ነው።

ችግሩ ከቦርድ ቦርድ በጣም ይለያያል። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ኤች.264 እና ኤች.265 የሚባሉትን የቪዲዮ ማመቂያ ስልቶች (ኮዴኮች) ሁለቱንም በሃርድዌር ይፈታል። ራስፕቤሪ ፓይ 5 ላይ ግን የኤች.264 መፍቻው ሃርድዌር ቀርቷል፤ የኤች.265 ብቻ ነው ያለው። አዲሱ ከአሮጌው የግድ ሁሉን ነገር ይበልጣል ብለን እናስባለን፣ እዚህ ላይ ግን አይሠራም። ደግነቱ የፓይ 5 ፕሮሰሰር ጠንካራ ስለሆነ መደበኛውን የኤች.264 ቪዲዮ በሶፍትዌር ይወጣዋል። ቢግልቦን ብላክ ደግሞ ባለ 1 ጊጋኸርዝ አንድ ኮር ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ነው ያለው። የቪዲዮ መፍቻ ሃርድዌር ጨርሶ የለውም። «ግን እኮ ጂፒዩ አለው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። አዎ አለው፤ ባለ ሦስት ገጽታ (3ዲ) ግራፊክስ የሚስል ነው። ቪዲዮ መፍታት ሌላ ሥራ ነው። እነዚህን ሁለቱን አታምታቱ።

የእናንተ ቦርድ ምን እንዳለው በራሱ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ጂስትሪመር የተባለው የመልቲሚዲያ ስብስብ ከተጫነ «ጂኤስቲ-ኢንስፔክት-1.0» ብላችሁ ኢንተር በሉ። ረጅም ዝርዝር ይወርዳል። እዚያ ውስጥ «ቪ4ኤል2» ብለው ጀምረው የኮዴኩን ስም የያዙና «ዴክ» ብለው የሚያልቁ ካሉ፣ በሊኑክስ ከርነል (በሲስተሙ እምብርት) በኩል የሚሠሩ የሃርድዌር መፍቻዎች ናቸው። «ኤቪዴክ» ብለው የሚጀምሩት የሶፍትዌር ናቸው። አንዳንድ ቺፕ አምራቾች ለመፍቻቸው የራሳቸውን ስም ስለሚሰጡት፣ ምንም ቪ4ኤል2 ካላያችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት የቦርዱን ሰነድ ተመልከቱ።

ሲስተሙን በዮክቶ ራሳችሁ የምትገነቡ ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቪዲዮ መፍቻና መቀየሪያው ኤፍኤፍኤምፔግና እሱን የሚጠቀመው የጂስትሪመር ክፍል በፈቃድ ምክንያት በነባሪው አይካተቱም። «ኮሜርሻል» የሚለውን የላይሰንስ ምልክት መቀበላችሁን ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ መጻፍ አለባችሁ። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው «መፍቻው የት ሄደ?» እያሉ ቀናት የሚያባክኑ ብዙ ናቸው።

ፋይሉን በልኩ መስፋት

አሁን ወደ ኮምፒውተራችሁ ተመለሱ። መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ።

ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ የምንላቸው ሳጥኖች ናቸው። ዕቃው ውስጥ ነው ያለው፤ ኮዴኩ ማለት ነው። ሁለት ኤምፒ4 ፋይሎች ከውጭ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ኤች.264፣ ሌላው ኤች.265 ሊይዝ ይችላል። አንዱ ቦርዱ ላይ ሲጫወት ሌላው እምቢ ይላል። ስለዚህ የፋይሉን ስም ጅራት አይታችሁ አትወስኑ። «ኤፍኤፍፕሮብ» ብላችሁ ክፍተት ትታችሁ የፋይሉን ስም ጻፉ። ኮዴኩን፣ ስፋትና ቁመቱን፣ በሰከንድ ስንት ምስል እንዳለው፣ የድምፁንም ዓይነት ይነግራችኋል።

አንድ ነገር በደንብ አስተውሉ፤ የፒክስል ፎርማቱን። «ዋይዩቪ420ፒ» ካለ ጥሩ ነው፣ ባለ 8 ቢት ነው። ከኋላው «10» የሚል ቁጥር ካለው ባለ 10 ቢት ነው። ባለ 10 ቢት ኤች.264 አብዛኞቹ የሃርድዌር መፍቻዎች የማይቀበሉት ነገር ነው። አንድ ጊዜ 720 መስመር ብቻ የሆነች አጭር ቪዲዮ እንደ ስላይድ ሾው እየተንቀራፈፈች አስቸገረችኝ። ከእሷ የከበዱት እየተጫወቱ እሷ ብቻ! ድራይቨር ቀየርኩ፣ ከርነል ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ኤፍኤፍፕሮብ ላይ ያቺን «10» አየኋት። ፋይሉን ባለ 8 ቢት አድርጌ ቀየርኩት፤ ወዲያው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤፍኤፍፕሮብ ሳላስነሣ ምንም ፋይል አልልክም።

መቀየሪያው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። ትእዛዙ ረጅም ቢመስልም እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። በቅደም ተከተል እንዲህ ይጻፋል፦

«ኤፍኤፍኤምፔግ» ካላችሁ በኋላ «-አይ» እና የምንጩ ፋይል ስም።

«-ሲ:ቪ» እና «ሊብኤክስ264»። ቪዲዮው ወደ ኤች.264 ይቀየር ማለት ነው። ፓይ 5 ይዛችሁ የሃርድዌር መፍቻውን ለመጠቀም ከፈለጋችሁ «ሊብኤክስ265» ይሁን።

«-ፒክስ_ኤፍኤምቲ» እና «ዋይዩቪ420ፒ»። ያቺ የ10 ቢት ጣጣ እዚህ ላይ ታልቃለች።

«-ቪኤፍ» እና «ስኬል=-2:720»። ቁመቱ 720 ይሁን፣ ስፋቱን ራስህ አመጣጥነህ ተጋማሽ ቁጥር አድርገው ማለት ነው። ከ1 ይልቅ 2 የጻፍነው ስፋቱ ለሁለት የሚካፈል እንዲሆን ነው፤ ይህ ፎርማት ጎዶሎ ስፋት አይቀበልም።

«-ሲ:ኤ» እና «ኤኤሲ»፣ ከዚያ «-ኤአር» እና «48000»። ድምፁ በሰከንድ 48,000 ናሙና ያለው ኤኤሲ ይሁን። ኤችዲኤምአይ ድምፅ ከ48,000 ጋር ይስማማል።

መጨረሻ ላይ የአዲሱ ፋይል ስም።

የሃርድዌር መፍቻ የሌለው ቦርድ ከሆነ ቁመቱን ወደ 480 ወይም ከዚያ በታች አውርዱት። በሰከንድ ያለውንም የምስል ብዛት በ«-አር» ወደ 24 ወይም 25 ቀንሱ። በተጨማሪ «-ቲዩን» ብላችሁ «ፋስትዲኮድ» ጨምሩ። ይህ ኤክስ264 ለመፍታት የሚከብዱትን ስልቶች እንዲተው ያደርገዋል። ፋይሉ ትንሽ ይወፍራል፣ የፕሮሰሰሩ ሸክም ግን በሚታይ መጠን ይቀላል። ለደካማ ቦርድ ይህችን ያህል የምትጠቅም ነገር አላውቅም፤ የሚያውቃት ሰው ግን ጥቂት ነው።

የስክሪናችሁንም ልክ አትርሱ። ቦርዱ ላይ የተገጠመው ስክሪን 800 በ480 ከሆነ 1080 መስመር ያለው ፋይል መላክ ምን ይፈይዳል? ቦርዱ መጀመሪያ ሁሉንም ፈትቶ ከዚያ መልሶ ያሳንሰዋል። ድርብ ድካም ነው።

የመላኪያው መንገድ

ብዙ ጀማሪዎች ቦርዱን የሚያውቁት በሲሪያል ኬብል ነው፤ ኮንሶሉ (የቦርዱ የትእዛዝ መስኮት) የሚታየው በእሱ ስለሆነ። በዚያው ፋይል መላክም ይቻላል፤ ዜድሞደም የተባለው ዘዴ ይሠራል። ግን ሒሳቡን እዩት። የተለመደው ፍጥነት 115,200 ቢት በሰከንድ ነው። አንድ ባይት ከመነሻና ማብቂያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ በሰከንድ 11,520 ባይት ያልፋል። 100 ሜጋባይት ቪዲዮ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በ100 ሜጋቢት የኔትወርክ ኬብል ግን ያው ፋይል አሥር ሰከንድ አካባቢ ነው የሚወስደው። ሲሪያሉን ለኮንሶልና አጣብቂኝ ውስጥ ስትገቡ ለትንንሽ ማዋቀሪያ ፋይሎች ተዉት። የሲሪያል ኬብል ስትገዙ ደግሞ ቮልቴጁን አረጋግጡ። የአብዛኞቹ ቦርዶች ፒን 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ያለው ኬብል ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል።

ኔትወርክ እንግዲህ ዋናው መንገድ ነው። ቦርዱና ኮምፒውተሩ ከአንድ ራውተር ጋር ከተገናኙ ቦርዱ ላይ «አይፒ ኤ» ብላችሁ አድራሻውን እዩ። ራውተር ከሌለም ኬብሉን በቀጥታ ከኮምፒውተር ወደ ቦርድ ሰክታችሁ ለሁለቱም በአንድ መስመር ያለ አድራሻ መስጠት ይቻላል፤ ለምሳሌ 192.168.10.1 እና 192.168.10.2። አንዳንድ ቦርዶች በዩኤስቢ ገመዳቸው በኩል ራሳቸው ኔትወርክ ይፈጥራሉ። ቢግልቦን ብላክ በዚህ መንገድ ሲገናኝ አድራሻው በተለምዶ 192.168.7.2 ነው።

አድራሻው ከታወቀ ቀላሉ ትእዛዝ ኤስሲፒ ነው። ቅርጹ እንዲህ ነው፦

ኤስሲፒ ፊልም.ኤምፒ4 ተጠቃሚ@192.168.7.2:/ሆም/ተጠቃሚ/

«ተጠቃሚ» ያልኩበት ቦታ ቦርዱ ላይ የምትገቡበትን ስም ጻፉ። የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፣ ከዚያ ፋይሉ መሄድ ይጀምራል። ከአድራሻው በኋላ ያለችውን ሁለት ነጥብ ከረሳችሁ ፋይሉ ቦርዱ ጋ አይደርስም፤ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ በዚያ ስም ለመገልበጥ ይሞክራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ። «ኤስኤፍቲፒ-ሰርቨር አልተገኘም» የሚል ስሕተት ወጥቶ ግንኙነቱ ይቋረጣል። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ቦርዱ ተርሚናል መግቢያው) መግባት ግን ይቻላል። ምክንያቱ ይህ ነው። ትንንሽ ቦርዶች ቦታ ለመቆጠብ ድሮፕቤር የተባለውን ቀላል የኤስኤስኤች ሰርቨር ይጠቀማሉ። ድሮፕቤር የኤስኤፍቲፒ (በኤስኤስኤች በኩል ፋይል የማስተላለፊያ ዘዴ) ሰርቨር ይዞ አይመጣም። ድሮ ኤስሲፒ በራሱ የቆየ ዘዴ ስለሚሠራ ችግር አልነበረም። በ2022 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.0 ግን ኤስሲፒ በነባሪው ኤስኤፍቲፒን እንዲጠቀም አደረገው። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁን ያደሳችሁ ቀን ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ እምቢ ይላል። መድኃኒቱ አንድ ፊደል ነው። ከኤስሲፒ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን ኦ ጻፉ። ትንሹን ኦ አይደለም፣ ዜሮም አይደለም። የድሮውን ዘዴ ተጠቀም ማለት ነው።

ፋይሉ ትልቅ ከሆነና መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ አርሲንክ የተባለው የመላኪያ ትእዛዝ ይሻላል። «--ፓርሻል» ስትጨምሩበት የተላከውን ግማሽ አይጥለውም፤ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ቅድመ ሁኔታው አርሲንክ ሁለቱም ጋ መጫኑ ነው።

ቦርዱ ላይ ምንም ሰርቨር ከሌለስ? ያኔ ነገሩን ገልብጡት። ኮምፒውተሩ ሰርቨር ይሁን፣ ቦርዱ ይውሰድ። ፋይሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ፓይተንን «-ኤም ኤችቲቲፒ.ሰርቨር» ብላችሁ አስነሡት። በፖርት 8000 ላይ ይከፈታል። ቦርዱ ላይ ደግሞ «ደብልዩጌት» ብላችሁ የኮምፒውተሩን አድራሻ፣ ፖርቱንና የፋይሉን ስም ስጡት። ደብልዩጌት በጣም ጠባብ በሆኑ ሲስተሞች ላይ እንኳ አይጠፋም። ስትጨርሱ ሰርቨሩን ዝጉት። በዚያ ኔትወርክ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ፎልደሩን ማየት ይችላልና።

በሜሞሪ ካርድ ወይም በፍላሽ ማመላለስም አለ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ እወቁ። አንደኛው፣ ፋት32 ፎርማት ያለው ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይቀበላል፣ የቦርዱ ከርነል ግን ድጋፉ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው፣ የቦርዱን ሜሞሪ ካርድ ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩ ብዙ ጊዜ የምትታየው ትንሿ የማስነሻ ክፍል ብቻ ናት። ቪዲዮውን እዚያ ላይ አትጫኑት። እሷ ከሞላች በሚቀጥለው ማሻሻያ ቦርዱ አልነሣም ሊል ይችላል።

የፋይል ስም ጉዳይም አለ። በአማርኛ ፊደል የተሰየመ ፋይል በፋት ፍላሽ ሄዶ ቦርዱ ላይ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ከታየ ፋይሉ አልተበላሸም። ፍላሹ ሲገናኝ የዩቲኤፍ8 አማራጭ አልተሰጠውም። ለሙከራ ግን አጭር፣ ክፍተት የሌለው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም ብትሰጡት ከብዙ ጣጣ ትድናላችሁ።

መድረሱን ሳታረጋግጡ አትለፉ

ከመላካችሁ በፊት ቦርዱ ላይ «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ የቀረውን ቦታ እዩ። በተለይ «/ቲኤምፒ» ላይ አትሳቱ። በብዙ ቦርዶች ይህ ፎልደር ዲስክ ላይ አይደለም፣ ሜሞሪ ላይ ነው። 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ባለው ቦርድ ላይ 300 ሜጋባይት ቪዲዮ እዚያ ካስቀመጣችሁ ማጫወቻው የሚሠራበት ሜሞሪ ያጣል። ቦርዱን ስታጠፉት ደግሞ ፋይሉ አብሮ ይጠፋል።

ፋይሉ ከደረሰ በኋላ «ሲንክ» (ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ) ብላችሁ ኢንተር በሉና ተርሚናሉ እስኪመለስ ጠብቁ። ሊኑክስ የተላከውን መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ይይዘውና ቆየት ብሎ ነው ወደ ካርዱ የሚጽፈው። እናንተ «አለቀ» ብላችሁ ኃይሉን ስትነቅሉ ግማሹ ገና አልተጻፈም። እኔ አንድ ሙሉ ፎልደር ልኬ ወዲያው ነቅዬ፣ ስመለስ ስማቸው ያለ፣ መጠናቸው ግን ዜሮ ባይት የሆነ ፋይሎች ጠብቀውኛል። ሁለት ሰከንድ የምትወስድ ቃል ነበረች።

ከዚያ «ኤስኤችኤ256ሰም» የሚለውን ትእዛዝ ኮምፒውተሩም ላይ ቦርዱም ላይ በዚያው ፋይል አስኪዱ። የሚወጡት ረጃጅም ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ፋይሉ ባይት በባይት ያው ነው። ከዚህ በኋላ ምንም ቢፈጠር «ሲላክ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ አይኖርባችሁም። ይህ ጥርጣሬ ስንት ሰዓት እንደሚበላ የደረሰበት ያውቀዋል።

ድምፁ ይቅደም

ቪዲዮን በአንዴ ከነድምፁ አትሞክሩ። መጀመሪያ ድምፁ ለብቻው እንዲሠራ አድርጉ።

«ኤፕሌይ -ኤል» በትንሹ ኤል በሉ። የድምፅ ካርዶቹ ከነቁጥራቸው ይዘረዘራሉ። ብዙ ቦርዶች ከአንድ በላይ አላቸው፤ አንዱ የኤችዲኤምአይ፣ ሌላው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ። «ድምፅ የለም» የሚባለው አብዛኛው ነገር ድምፁ በሌላኛው ካርድ እየወጣ ማንም ሳይሰማው መቅረቱ ነው።

ምንም ካርድ ካልተዘረዘረ በተጠቃሚ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። «ኦዲዮ» የተባለው ግሩፕ ውስጥ መኖራችሁን «ግሩፕስ» በሚለው ትእዛዝ እዩ። ለቪዲዮም «ቪዲዮ» የሚባለው ግሩፕ ያስፈልጋል። ከጨመራችሁ በኋላ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ፤ ያለዚያ አይሠራም።

ቀጥሎ «አልሳሚክሰር» ክፈቱ። በኤፍ6 ካርዱን ምረጡ። ከድምፅ መስመሩ ግርጌ ሁለት «ኤም» ካያችሁ ድምፁ ተዘግቷል። የኤም ቁልፍን ስትጫኑ ወደ ሁለት ዜሮ ይቀየራል፣ ተከፈተ ማለት ነው። በላይ ቀስት ከፍ አድርጉት። አዲስ ቦርድ ላይ ድምፁ ተዘግቶ መምጣቱ የተለመደ ነው።

አሁን «ስፒከር-ቴስት -ሲ 2» በሉ። አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ሿ የሚል ድምፅ መምጣት አለበት። ይህ ከተሰማ መስመሩ ጤናማ ነው። በኮንትሮልና ሲ አስቁሙት።

ከዚያ የዌቭ ፋይል በኤፕሌይ አጫውቱ። ካርዱን ለመምረጥ «-ዲ» በትልቁ ዲ ጽፋችሁ «ፕለግኤችደብልዩ:0,0» በሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ካርዱ፣ ሁለተኛው መሣሪያው ነው። «ኤችደብልዩ» ብቻ ካላችሁ ካርዱ የፋይሉን የናሙና ፎርማት ወይም የቻናል ብዛት ካልደገፈ አልጫወትም ይላል። «ፕለግ» ሲጨመርበት ሲስተሙ ራሱ ቀይሮ ይሰጠዋል።

ኤፕሌይ ኤምፒ3 አያውቅም። ኤምፒ3 ስትሰጡት እንደ ጥሬ ድምፅ ቆጥሮ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያወጣል። ስፒከሩ የተበላሸ ይመስላችኋል፤ አልተበላሸም። ለኤምፒ3 «ኤምፒጂ123» አለላችሁ፤ ቀላል ነው፣ በትንሽ ፕሮሰሰርም ይሠራል። ሁሉን ወደ ዌቭ መቀየርም ይቻላል፣ ግን ይወፍራል፤ በሲዲ ጥራት አንድ ደቂቃ ከ10 ሜጋባይት በላይ ነው።

ወደ ምስሉ

ስክሪኑ መታወቁን አረጋግጡ። «/ሲስ/ክላስ/ዲአርኤም» የሚለው ፎልደር ውስጥ በኤችዲኤምአይ ስም የተሰየመ ንዑስ ፎልደር አለ። በውስጡ «ስቴተስ» የምትባለውን ፋይል በ«ካት» አንብቧት። «ኮኔክትድ» ካለች ቦርዱ ስክሪኑን አይቶታል። «ዲስኮኔክትድ» ካለች ማጫወቻ ከመንካታችሁ በፊት ኬብሉን እዩ፤ ስክሪኑን ቀድማችሁ አብርታችሁ ቦርዱን እንደገና አስነሡት።

ለመጀመሪያ ሙከራ «ጂኤስቲ-ሎንች-1.0» ብላችሁ «ቪዲዮቴስትሰርስ» (መጨረሻው ኤስ፣ አር፣ ሲ)፣ ከዚያ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ «ኬኤምኤስሲንክ» (መጨረሻው ኤስ፣ አይ፣ ኤን፣ ኬ) ጻፉ። ቃለ አጋኖዋ እንደ ቧንቧ መጋጠሚያ ናት፤ ከግራዋ የወጣው ወደ ቀኟ ይገባል። ባለ ብዙ ቀለም መስመሮች ስክሪኑ ላይ ከመጡ የማሳያው በኩል አለቀ። ኬኤምኤስሲንክ የሚሠራው ዴስክቶፕ ካልተከፈተ ነው። ዴስክቶፑ ስክሪኑን ስለያዘው ሌላ አያስገባም። ዴስክቶፕ ውስጥ ከሆናችሁ በእሱ ምትክ «ዌይላንድሲንክ» ወይም «ኦቶቪዲዮሲንክ» ሞክሩ።

ቀጥሎ እውነተኛው ፋይል፦

ጂኤስቲ-ሎንች-1.0 ፕሌይቢን ዩአርአይ=ፋይል:///ሆም/ተጠቃሚ/ፊልም.ኤምፒ4

ሦስት ስላሽ ነው፣ ሁለት አይደለም። ፕሌይቢን ሳጥኑን ከፍቶ፣ ኮዴኩን አውቆ፣ የተሻለውን መፍቻ ራሱ ይመርጣል። ቀለል ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ኤምፒቪም ግሩም ማጫወቻ ነው። «--ኤችደብልዩዴክ=ኦቶ» ጨምሩበት፤ ሃርድዌሩን እንዲሞክር ነው። እየተጫወተ አይ የሚለውን ፊደል ስትጫኑ የትኛው መፍቻ እየሠራ እንደሆነና ስንት ምስል እንደተጣለ ስክሪኑ ላይ ያሳያችኋል።

ሲቆራረጥ ምን ይደረግ?

ሌላ ተርሚናል ከፍታችሁ «ቶፕ» በሉ። ቪዲዮው እየሄደ ማጫወቻው አንድ ኮር ሙሉ ለሙሉ ወይም ከዚያ በላይ እየበላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሶፍትዌር እየፈታ ነው። ፕሮሰሰሩ ዝቅ ብሎ ቪዲዮው ግን እየተቆራረጠ ከሆነ ችግሩ ከመፍታት በኋላ ያለው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምለይበት መንገድ አለኝ። ፕሌይቢን ላይ «ቪዲዮ-ሲንክ="ፌክሲንክ ሲንክ=ትሩ"» እጨምራለሁ፤ ለብቻዋ የቆመችው ሲንክ በዋይና በሲ የምትጻፈው ናት፣ ቪዲዮው በትክክለኛ ፍጥነቱ እንዲሄድ ነው። ፌክሲንክ የተፈታውን ምስል ተቀብሎ ይጥለዋል፣ ለስክሪን አይሰጥም። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ እፎይ ካለ መፍቻው ጤነኛ ነው፤ የከበደው ማሳየቱ ነው። መጀመሪያ ያየነውን 93 ሜጋባይት አስታውሱ። ያ ሁሉ ከመፍቻው ወደ ስክሪኑ በፕሮሰሰር እጅ እየተገለበጠ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙና መጠኑ በሶፍትዌር እየተቀየረ ከሆነ፣ ትንሽ ቦርድ አይችለውም። ቪዲዮውን ከስክሪኑ መጠን ጋር አንድ ማድረግና ዴስክቶፑን ትቶ በኬኤምኤስሲንክ በቀጥታ ማሳየት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በፌክሲንክም ፕሮሰሰሩ ካልበረደ ግን ወደ ኤፍኤፍኤምፔግ ተመለሱና ፋይሉን አቅልሉት።

መጀመሪያ ጥሩ ተጫውቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሙቀቱን ጠርጥሩ። «/ሲስ/ክላስ/ቴርማል/ቴርማል_ዞን0/ቴምፕ» የሚለውን ፋይል በካት አንብቡ። 65000 ካለ 65 ዲግሪ ነው፤ ለ1,000 አካፍሉት። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ትንሽ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ይረዳዋል። የኃይል ምንጩም እንዲሁ ነው። ፓይ 4 በ5 ቮልት 3 አምፒር ይፈልጋል። የስልክ ቻርጀር ያንን ላይሰጥ ይችላል፣ ቀጭን ኬብልም ቮልቴጁን ይጥለዋል። ቪዲዮ ሲጀምር ቦርዱ ራሱን ካጠፋና ከተነሣ ኮዴኩን ትታችሁ ቻርጀሩን ቀይሩ።

ብዙ ሰው የሜሞሪ ካርዱን ፍጥነት ይወቅሳል። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማየው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሆነ ጥሩ ቪዲዮ ከካርዱ የሚጠይቀው 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። ደካማ የሚባለውም ካርድ ከዚያ በላይ ያነባል።

ሁሉም ከተስተካከለ የድምፁን መጠን «አልሳሲቲኤል ስቶር» ብላችሁ አስቀምጡት፤ ያለዚያ ሲነሣ ሊረሳው ይችላል። ቪዲዮው ቦርዱ ሲበራ በራሱ እንዲጀምር ከፈለጋችሁ የሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሣ ፕሮግራሞችን የሚያስጀምረው) ሰርቪስ ፋይል ጻፉለት። ማጫወቻውን በሙሉ አድራሻው ጥሩት፣ «ኦዲዮ» እና «ቪዲዮ» ግሩፕ ውስጥ ባለ ተጠቃሚ ስም አስኪዱት፣ ሲቆም እንደገና እንዲነሣም «ሪስታርት=ኦልዌይስ» ጨምሩ፤ የመጀመሪያዋ አር ትልቋ ናት። ከዚያ ኪቦርዱንና የኔትወርክ ኬብሉን ነቅላችሁ፣ ስክሪኑንና ኃይሉን ብቻ ትታችሁ፣ ቦርዱን አጥፍታችሁ አብሩት።